ርግብ ላይ የተሳፈረው ናሁሰናይ

በእኛ ሕንፃ ባሕር ያየ ሰው የለም። የእድራችን ዳኛ ሐጂ ሙዘይን ለሐጅ ሲሄዱ ከአውሮፕላን መስኮት አይቻለሁ ይላሉ፤ አብረዋቸው የሄዱት ግን ሐጂ አውሮፕላኑ ከተነሳ እስኪያርፍ ተኝተው እንደነበር መስክረዋል። ያም ሆኖ እሑድ ከቀትር በኋላ ኮዬ ወዳለው ግቢያችን ጎራ ያለ እንግዳ፣ የእድሩ አዳራሽ ውስጥ ጎልማሳና ሽማግሌው እግሩን አንፈራጦ፣ ወገቡን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ የሌለ ገመድ ሲስብ ያገኘዋል። ሁሉም ባሕሩን የሚያሳይ የጌም መነጽር አድርጓል፤ ሁሉም ጓንት አጥልቋል። በሩ አጠገብ ባልዲ ይቀመጣል፤ ባሕሩ ሲናወጥ የሚያስመልሰው ስላለ ነው። ደረቅ ወለል ላይ ቆሞ ማስመለስን የመሰለ ቅንጦት የት ይገኛል።

ሥራው ደመወዝ የለውም፤ በጎ ፈቃድ ነው። ጌሙ ዱሮ የአንድ ኩባንያ ነበር አሉ፤ ኩባንያው አላዋጣኝም ብሎ ጣለው። ወዳጆቹ ግን ከየአገሩ ተጠራርተው፣ የጥንት የሸራ መርከቦችን ከነሚስማራቸው አንድ በአንድ እንደገና ይሠሯቸዋል። የቀይ ባሕሩን ድርሻ የወሰዱት ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከማስተማር አይደለም። ደረጃ ላይ የያዙት ሰው ሳይማር አይወርድም። የእሳቸው መርከብ ርግብ ትባላለች፤ ሰምና ቆዳ፣ ደግሞም ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ተሳላሚዎችን ጭና ከምጽዋ ወደ ስዌዝ የምትጓዝ ባለ ሁለት ምሰሶ ሳምቡክ።

እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው፤ የምተዳደረውም የሕንፃውን የፀሐይ ሰሌዳዎች በማጠብ ነው። ጋሽ ወንድይራድ መጥተው "እታለማሁ፣ ለመርከቧ ምን ታበረክቺያለሽ?" ሲሉኝ "ጸሎት" ብያቸው ነበር። እሳቸው ግን ከሰው የማይወሰድ ነገር የለም ባይ ናቸው። ጣሪያ ላይ ባልዲዬን ስደፋ ድምፁን ቀዱት፤ ዛሬ ከርግብ ጎን ጋር የሚላተመው ማዕበል እሱ ነው። መርከቧ ስታዘም የሚሰማው ሲጥሲጥታ ደግሞ የእኛው አሳንሰር ነው፤ ከመበላሸቱ በፊት የተቀዳ። የወደቡ ጫጫታ የሰኞ ገበያችን ነው። ጆሮውን ለሰጠ ሰው፣ ከጥንት ነጋዴዎች መሀል አንዲት ሴት ስለ ዘይት ኮታ ስትራገም ትሰማለች። ጋሽ ወንድይራድ ሊያጠፏት ሞክረው አልተቻለችም።

መርከበኞቹ ወኪሎቻችን ናቸው። መቼም ስልኩ ውስጥ ወኪል የሌለው ሰው የለም፤ ሥራ ሲይዘን፣ ስንተኛ፣ ማውራት ሲታክተን ስልካችንን በገዛ ድምፃችን የሚያነሳልን እሱ ነው። ስንናገር ሲሰማን ከመኖሩ የተነሳ ከእኛ ይልቅ እሱ እኛን ይመስላል። ስልክ በማይደወልበት ሰዓት ሥራ ፈት ስለሆነ ለርግብ እናውሰዋለን። የእኔዋ ወጥ ቤት ተመድባለች፤ የመርከቡን አዛዥ በነገር ስትጠብሰው ሰምቼ አፍሬያለሁ።

እትዬ ብዙአየሁ የመጡት ሐኪም ክንድዎን ያንቀሳቅሱ ስላላቸው ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት ይኖራሉ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ የሚሸፍኑ ሴት ናቸው። ገመድ ሳቢ ሆኑ። መጀመሪያ ዕለት መነጽሩን ሲያደርጉ "ኧረ ውኃው ብዛቱ፤ ይሄን ሁሉ ይዘው ነው እኛን በሳምንት ሁለት ቀን የሚሉን" አሉ።

እዚህ ላይ ግቢው ሁሉ የሚያውቀውን ልንገራችሁ። የእትዬ ብዙአየሁ አንድ ልጅ ናሁሰናይ ሞቷል። የሞተው እናቱ ሆስፒታል ተኝተው፣ ልባቸው ተከፍቶ በሚጠገንበት ሰሞን ነው። ጨው በረሃ ውስጥ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ መኪናው ከነጭነቱ ተገለበጠ። አስከሬኑን ተቀብለን የቀበርነው እኛ ነን። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ድንኳን አልተተከለም። ከቀብር መልስ እጃችንን ታጠብን፣ ያዘቀዘቅነውን ነጠላ አስተካክለን ለበስን፣ ፊታችንን ፈታ አድርገን ሆስፒታል ሄድን።

እትዬ ብዙአየሁ ትራሳቸውን ተደግፈው "እስቲ ናሁን ደውሉልኝ" አሉ። አልጋውን ከበን የቆምነው ሰዎች የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፋን። ስልኩ ጠራ። ተነሳ።

"እማ" አለ የናሁሰናይ ድምፅ። "ተሻለሽ? ሥራ በዝቶብኝ እኮ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ።"

ወኪል ባለቤቱ መሞቱን የሚያውቀው የቅርብ ቤተሰብ ሲነግረው ነው፤ በተነገረው ቅጽበት ይዘጋል፤ ዳግም አይከፈትም። የናሁሰናይ የቅርብ ቤተሰብ ደግሞ እናቱ ብቻ ናቸው። እፎይ አልን። ሐጂ ሙዘይን ወደ ኮሪደሩ ወጥተው "አላህ ጊዜ ሰጠን" አሉ።

የተሰጠንን ጊዜ ተጠቀምንበት። ሐኪሙ ቁስሉ ይድረቅ አለ። ቁስሉ ሲደርቅ ጾም ገባ፤ በጾም የደከመን ሰው ማን ደፍሮ ይነግራል። ጾሙ ሲፈታ የእህታቸው ልጅ ሠርግ ደረሰ። ከሠርጉ በኋላ ዓይናቸውን ተሠሩ፤ ዓይኑን የተሠራ ሰው ማልቀስ የለበትም። ቀጥሎ ክረምት መጣ፤ የእድሩ ድንኳን ያፈሳል። ወኪሉም በበኩሉ ፋሲካ ሲያልፍ መስቀልን ይቀጥራል፣ መስቀል ሲያልፍ ገናን። በረሃ ወርደው እንዳያዩት ሙቀቱ ለልባቸው አይሆንም። "የዘንድሮ ልጅ" ይላሉ እትዬ ብዙአየሁ፣ "ሥራ በላው።" በየቤቱ ልጇን ከምታናግር እናት የልጇን ወኪል የምታናግረዋ ስለምትበዛ፣ ነገሩ ብዙም እንግዳ አልሆነባቸውም። ጠርጥረው ነበር ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም እርስ በርስ ተጠያይቀናል፤ መልሱን የሚያውቅ አልተገኘም።

እንግዲህ አንድ እሑድ እትዬ ብዙአየሁ አዳራሹ መሀል ቆመው ደወሉ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ስልካቸው ሁልጊዜ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው።

"ናሁ፣ እዚህ መርከብ እየሠራን ነው። ወኪልህን አታውሰንም?" አሉት። ያሉት ለወኪሉ ለራሱ ነው።

"ደስ ይለኛል እማ" አለ።

ጋሽ ወንድይራድ ወደ ሐጂ አዩ፤ ሐጂ ወደ ጫማቸው አዩ። እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ መርዶው ነው። ናሁሰናይ ተሳፈረ።

መርከቧ ላይ መጀመሪያ ያገኘሁት ዕለት ምሰሶ ሥር ቁጭ ብሎ ገመድ ይገምድ ነበር። ፊቱ እንደሌሎቹ መርከበኞች የተውሶ ፊት ነው፤ ድምፁ ግን የራሱ ነው።

"እታለም፣ አንቺም ባሕርተኛ ሆንሽ?"

"ምን ላድርግ ልጄ፣ የብስ ላይ እንጀራ ጠፋ።"

"አሳንሰሩ ተሠራ?"

"አንተ የሄድክ ሰሞን እንደቆመ ነው" አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

እሱ ግን ሳቀ። "ይቺ መርከብ ስታቃስት ቤቴ ያለሁ ነው የሚመስለኝ" አለ።

በስልክ ሁለት ቃል ተናግሮ ሥራ ይዞኛል የሚል ልጅ፣ ርግብ ላይ ጊዜ ተረፈው። ወኪል ስልክ ላይ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጊዜ የለኝም ማለት። መርከብ ላይ ደግሞ ንፋስ እስኪመጣ መጠበቅ እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ። በልጅነቱ ስለሰረቀው ብስኩት፣ ስለ አባቱ ኩርፊያ፣ ሊያገባት አስቦ ስለተዋት ልጅ። እትዬ ብዙአየሁ መነጽሩን ሲያወልቁ ፊታቸው እንደ ሙሽራ እናት ያበራል። "አፉ የተፈታው ባሕር ላይ ነው" ይሉናል፤ "ምነው ቀድሞ መርከበኛ ባደረግሁት።" እኛ እንስቃለን። ስቀን ስናበቃ አንዱ ባልዲውን ይዞ ሊደፋ ይወጣል፤ ባዶ ቢሆንም።

አንድ ጊዜ ጋሽ ወንድይራድ ሸራ ንፋስ ሲሞላው እንዴት እንደሚነፋ ጌሙ በካሜራ ይማር ብለው የእድሩን ድንኳን ጣሪያ ላይ አስወጡን። ሰሌዳዎቼን አንስቼ ቦታ ሰጠኋቸው። ድንኳኑ ተወጥሮ ሲነሳ፣ እትዬ ብዙአየሁ አንዱን ገመድ ይዘው ቀና ብለው አዩትና "ይሄ ድንኳን ለደስታ ሲተከል ገና ዛሬ አየሁ" አሉ። ንፋሱ ኃይለኛ ነበር፤ ገመዱን ያዝን።

ነገሩ የመጣው ጌሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ጋሽ ወንድይራድ አዳራሹ ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወገኖቼ፣ እሑድ ርግብ የመጨረሻ ጉዞዋን ታደርጋለች። በየአገሩ ያሉ ወዳጆቻችን ሁሉ ይመለከታሉ። እንደምታውቁት ርግብ ስዌዝ አልደረሰችም።"

"አናውቅም" አልኳቸው።

"ደረጃ ላይ ነግሬሽ ነበር።"

"ደረጃ ላይ የሚነግሩኝን ሁሉ ብሰማ ቤቴ አልገባም ነበር።"

"ከምጽዋ ወጣች፣ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ማዕበል ነው። ስለዚህ እሑድ ትሰጥማለች፤ ከነሰዎቿ። የሰጠመ መርከበኛ ከጌሙ ይወጣል፤ ዳግም አይሳፈርም። ሕጉ ይኸው ነው።"

ሰዉ አልከፋውም፤ እንዲያውም ተዝናና። አንዱ እኔ ከምሰሶው ጫፍ ነው የምወድቀው አለ፤ ሌላው አንተ እንኳ በክብደትህ ቀድመህ ትደርሳለህ አለው። የእኔዋ ወኪል ድስቷን ታቅፋ ነው የምትሰጥመው አልኩ። ሳቁ ጋብ ሲል የእትዬ ብዙአየሁ ድምፅ ተሰማ።

"የእኔ ልጅስ?"

"ወኪሉ ነው እንጂ ልጅዎ አይደለም የሚሰጥመው፣ እትዬ ብዙአየሁ" አሉ ጋሽ ወንድይራድ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ቀላ።

"እሱን አልጠየቅሁም። ይወርዳል ወይ ነው የምለው።"

"ማውረድ የሚችለው ባለቤቱ ነው። እዚህ መጥቶ መዳፉን ማሳረፍ አለበት።"

"እንግዲያው ይምጣ" አሉና ስልካቸውን አወጡ።

"እማ፣ ለመስቀል እመጣለሁ" አለ ስልኩ።

"እሑድ ትሰጥማለህ ይሉኛል።"

"እሱ አያሳስብሽ። ዋና እችላለሁ።"

"የት ተማርክ?"

"እዚሁ።"

እትዬ ብዙአየሁ ስልኩን ዘግተው ወደ እኛ ዞሩ። "እንግዲህ አንዳችሁ ሂዱና ይዛችሁልኝ ኑ" አሉ። "እኔ ሙቀቱን አልችልም። እናንተ ጤነኞች ናችሁ፤ ዛሬ ብትነሱ ለእሑድ ትደርሳላችሁ። ልጄ ሲሰጥም ቆሜ አላይም።" ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን።

እሳቸው ወደ ቤታቸው ሲገቡ እድሩ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። ሐጂ ሙዘይን ጋሽ ወንድይራድን ለመኗቸው።

"መርከቧን ማዶ ብታደርሳት ምን ይለዋል?"

"ታሪክ ነው ሐጂ። አልደረሰችም።"

"እኛ እዚህ ስንዋሽ ከርመን የለ? አንዲት መርከብ አብራን ብትዋሽ ምን ትሆናለች?"

"እዚህ የዋሸነው ለእሳቸው አዝነን ነው" አሉ ጋሽ ወንድይራድ። "እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ። እዚያ ላይ ግን ስንት ሰው እንቅልፉን ሰውቶ የሠራው እውነት ነው። ርግብ ከዳነች ሥራችንን በሙሉ ይጥሉታል። ደግሞስ እሑድ ብናልፈው፣ ከዚያ በኋላ ምን ልንላቸው ነው?"

"እውነትህን ነው" አሉ ሐጂ። "ቅዳሜ ጠዋት እንነግራለን።"

መርዶ ለባዶ ሆድ አይነገርም፤ ከዚያ በኋላ እህል አይወርድምና። ስለዚህ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እኔ አጥሚት ይዤ ቀደምኩ። እትዬ ብዙአየሁ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ከፈቱልኝ።

"ምነው በማለዳ?"

"ብዙ አፍልቼ ተርፎኝ ነው።"

"አንቺ ደግሞ መቼ ተርፎሽ ያውቃል" አሉና ተቀበሉኝ። ቁጭ ብለው ጠጡ። ኩባያውን እስኪጨርሱ ዓይኔን መስኮቱ ላይ ተከልኩ። ግማሽ ሲደርሱ አቆሙ፤ አዩኝ፤ ከዚያ ቀሪውን ቀስ ብለው ጨረሱት።

በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ሙዘይን ከፊት፣ ጋሽ ወንድይራድና የግቢው ሰው ከኋላ፣ ደረጃው እስከ ታች ድረስ ሰው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እትዬ ብዙአየሁ አልተነሱም።

"የማን ነው?" አሉ።

"ብዙአየሁ እህቴ" አሉ ሐጂ፣ "የሰጠው አላህ፣ የወሰደውም እሱ ነው። ናሁሰናይን ወስዶብናል።"

እትዬ ብዙአየሁ አልጮኹም። ማንም ያላሰበውን ጥያቄ ጠየቁ።

"መቼ?"

ሐጂ ወደ ጋሽ ወንድይራድ ዞሩ።

"መቼ ነው የሞተው?"

"እርስዎ ሆስፒታል ሳሉ" አሉ ሐጂ።

እትዬ ብዙአየሁ ባዶውን ኩባያ ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዩት። "የቀበራችሁት እናንተ ናችሁ?"

"እኛ ነን።"

"በደንብ?"

"በደንብ።"

ያን ጊዜ ጮኹ። ሕንፃው አብሮ ጮኸ። ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፤ ይኼኛው ግን ታምቆ የከረመ ስለሆነ ሌላ ነበር። ሐጂ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ። ለካ ናሁሰናይን ሁላችንም ገና አላለቀስነውም።

ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተከለ፤ መልእክቱም ተላከ። የእኛ እድር ሲያስታውቅ የቤቱን ቁጥር እንጂ የሟቹን ስም አይጠራም፤ ሰው መርዶውን በስልክ እንዳይሰማ ተብሎ ዱሮ የተደነገገ ነው። ወዲያው በየኪሳችን ስልክ ይጮህ ጀመር። ሥራ የያዛቸው ሰዎች ወኪሎች ናቸው፤ "እግዜር ያጽናችሁ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ በመጣሁ፣ ለሰልስቱ እደርሳለሁ" ይላሉ፣ ሁሉም በየድምፁ። ለመድነው መቼም። ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ይልቅ በስልክ ያጽናናው ይበልጣል።

ከዚያ የእትዬ ብዙአየሁ ስልክ ጮኸ። ፍራሻቸው ላይ፣ ጉልበታቸው አጠገብ ነበር። ስሙን እኔም አየሁት። አነሱት።

"እማ፣ ቤታችን ለቅሶ አለ አሉኝ። ደኅና ነሽ?"



"ደኅና ነኝ" አሉ።

"ድምፅሽ ተዘግቷል።"

"ሳለቅስ አድሬ፣ ሳለቅስ ውዬ ነዋ" አሉ። ያደሩት ተኝተው ነው፤ ግን ማን ያርማል።

"ማን ነው የሞተው?"

እትዬ ብዙአየሁ ቀና ብለው አዩን። አንድ ቃል ነው የቀራቸው። እሱን ካሉት ልጁ በዚያው ይዘጋል፤ ሰውየውም ወኪሉም አንድ ላይ ያርፋሉ፤ ነገ ርግብ ብትሰጥም ናሁሰናይ የለባትም። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ወንድይራድ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሲጸልዩ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው።

"ናሁዬ" አሉ እትዬ ብዙአየሁ። "ቁርስ በልተሃል?"

"እዚህ ምን ቁርስ አለ፣ ያው ተምርና ደረቅ ዓሣ ነው። በልቻለሁ።"

"በልተሃል" አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። እጃቸው ነጠላቸውን ጨብጦ ፈታው፣ እንደገና ጨበጠው።

"እማ? ማን ነው?"

"ሩቅ ዘመድ ነው" አሉት። "አንተ አታውቀውም።"

"ልምጣ እንዴ?"

"ሥራህን ሥራ። ለእሱ እኛ አለን።"

"እሺ። ለመስቀል እመጣለሁ።"

"እሺ ልጄ።"

ስልኩን ፍራሹ ላይ በግንባሩ ደፉት። ከዚያ ጋሽ ወንድይራድን ፈልገው አገኟቸው።

"ነገ መርከቧ አትሰጥምም" አሉ። ልመና አልነበረም። "ለልጁ ማንም አልነገረውም። ለእኔ የነገራችሁኝ ሐጂን አስቀድማችሁ፣ ሆዴን ሞልታችሁ፣ ተሰብስባችሁ ነው። እሱን ማዕበል አይነግረውም። ከመሀላችሁ የሚችል ሰው ሲገኝ ያን ጊዜ ትስጠም።"

ጋሽ ወንድይራድ "እሺ" አሉ።

የሚችል ሰው እስካሁን አልተገኘም። መናገር ያለባቸው የቅርብ ቤተሰብ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ልጁ ትንሽ ይጠንክር ይላሉ። ጋሽ ወንድይራድ በየሳምንቱ ለሩቅ ወዳጆቻቸው ምክንያት ይጽፋሉ። መጀመሪያ የንፋሱ አቅጣጫ ላይ ጥርጣሬ አለኝ አሉ። ቀጥሎ የሸራው ስፌት። አሁን ደግሞ የጨረቃዋ ዕድሜ አልተጣራም ብለዋል። እኔ መቼም ሰውን መተረብ ልማዴ ነው፤ ግን በዚህ አልተርባቸውም።

ወሬው ወደ ሌሎቹ ሕንፃዎች ደርሷል። ሰዎች ይመጣሉ፤ በር ላይ ቆመው ጥቂት ካመነቱ በኋላ "የባለቤቴን ወኪል ብታሳፍሩልኝ" ይላሉ፤ "የወንድሜን፣ ገና አልነገርነውም።" ማንንም አልመለስንም። ርግብ ከሚገባት በላይ ሰው ጭናለች። ጋሽ ወንድይራድ ነገር አጣሪ ስለሆኑ ክብደቱን አስልተው መርከቧን በዚያው ልክ ውኃው ውስጥ ዝቅ አድርገዋታል፤ ጎኗ ሊዋጥ ትንሽ ነው የቀረው። ስለዚህ ገመድ ሳቢ መብዛት አለበት። ዱሮ እሑድ ብቻ ነበር፤ አሁን በፈረቃ ነው፤ አዳራሹ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሕያዋኑ እንስባለን። ሌላም የተለወጠ ነገር አለ፤ በግቢያችን ጠዋት ጠዋት ሰውን ቁርስ በላህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቷል። የተጠየቀ እንደሆነ ያልበላውም በልቻለሁ አይልም፤ የበላውም አልበላሁም ይላል።

ባለፈው እሑድ በተራዬ ገመዱን ስስብ ናሁሰናይ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ባሕሩ ረጋ ብሎ ነበር፤ ባልዲዬ መርከቧን ቀስ ብሎ ይመታታል።

"እታለም" አለኝ፣ "ያን ጊዜ የሞተው ሩቅ ዘመድ ማን ይባላል? እማ ስሙን አልነግርህም አለችኝ።"

"እኔም ረሳሁት።"

"ሽማግሌ ነበር?"

"ልጅ ነበር።"

"እናቱ አለች?"

"አለች።"

ጥቂት አሰበ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ገመዱን ከእጄ ወሰደ።

"እግዜር ያጽናት" አለ። "ይሄን ለእኔ ተይውና ሂጂ፣ አጠገቧ ተቀመጪ።"

መነጽሩን አወለቅሁ። እትዬ ብዙአየሁ እዚያው አጠገቤ፣ እግራቸውን አንፈራጠው፣ ወገባቸውን እያወዛወዙ ይስባሉ።